ውታፉን የነቀልኩት በጥርሴ ነው

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእማዬ አልተናገርኩም፤ ለጓደኞቼም አልተናገርኩም። ንስሐ አባታችን ቤታችን ሲመጡ ከፊታቸው ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ አባ፣ ተሳድቤአለሁ አባ፣ ጾም ገድፌአለሁ አባ» እያልኩ ትንንሾቹን እዘረግፍና ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ እነሣለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። ያልተነገረ ነገር እንዴት ይፈታል? ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም። እግራችሁ ሥር የተንበረከክሁ ያህል ቁጠሩት።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትታዘቡኝ፦ መጻፍ እችላለሁ! ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፣ አሥረኛ ክፍል ገብቼ። የአማርኛ መምህራችን የጻፍኩትን ለክፍሉ ሲያነብ፣ የገዛ ቃሎቼ ከሰው አፍ ወጥተው ሲመጡብኝ፣ ቆሜ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ስቀዳም ሽንኩርት ስልጥም በልቤ እጽፋለሁ። የደረቀ ኮረሪማ ስትሰነጥቁት ሽታው ቤቱን አይሞላውም? እንደዚያ ነው፤ አንዷን ቃል ስከፍታት ሌሎቹ ይከተላሉ። እና ይህን ክፉ ነገር ስጽፍ እንኳን እጄን ደስ ይለዋል። ሰው ኃጢአቱን እየጻፈ ደስ ይለዋል እንዴ? እኔን ደስ ይለኛል። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፤ ከመጀመሪያው እወቁኝ።

ነገሩ ይኸውላችሁ። ወንድሜን ውሃ ውስጥ ያሰመጥኩት እኔ ነኝ። በእጄ አይደለም፣ በጥርሴ ነው። የጀሪካኑን ውታፍ ነቀልኩት። እኔ ነቀልኩት። የተቀጣችበት ግን ሌላ ናት።

የምንኖረው አማን ከተማ ነው፣ መንገዱ ወደ ወንዙ ቁልቁል በሚወርድበት በሰፈሩ ጫፍ። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ከሚያድርበት መንገድ የሚያድርበት ይበልጣል። እማዬ በቡና ወቅት መጋዘን ቡና ትለቅማለች፤ ጥቁሩን ከደህናው፣ ነቀዝ የበላውን ከጤነኛው ትለያለች። ያን ጊዜ እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ቢኒ ስድስት። ቤቱ ውስጥ ሌላም ልጅ ነበረች፣ ዓለሚቱ።

ዓለሚቱ እኩያዬ ናት። ከሸኮ ገጠር መጥታ እኛ ቤት እየሠራች ትማር ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ተኝቼ እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ እኔ ቁርስ ስበላ እሷ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ያንኑ ዩኒፎርም ለብሳ ከሰዓት ትማራለች። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለሆነ ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ትል ነበር፤ የእኔን የሒሳብ የቤት ሥራ ግን ድስት እያማሰለች ትነግረኛለች። አማርኛዋ አንዳንዴ ይሰናከላል። «ቢኒ መጣች» ስትል እኔ እስቅባታለሁ፣ እሷም ትስቃለች። ቢኒ ግን አይስቅባትም። ቢኒ እሷን ይወዳታል። የሸኮን ቋንቋ ከእሷ ለምዶ ሁለቱ ማድ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩና ሲሳሳቁ፣ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ እሆናለሁ። «ምንድን ነው የምትሉት?» ስላቸው ቢኒ «ላንቺ አይነገርም» ይለኛል። ያኔ እቆነጥጠዋለሁ፤ ቆዳውን በጥፍሬ ይዤ አዞረዋለሁ። እሱ ሲያለቅስ ደግሞ ሮጦ የሚሄደው ወደ ዓለሚቱ ነው። እና እንደገና እቆነጥጠዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ያ ቅዳሜ ከሰማይ ዱብ እንዳላለ እንድታውቁ ነው።

አሁን ስለ ጀሪካኑ። እዚህ እኛ ጋ ዋና የሚለመደው በባዶ ጀሪካን ነው። አፉን ጥርቅም አድርገህ ትዘጋዋለህ፣ ደረትህ ላይ ታቅፈዋለህ፣ እግርህን ታንቦጫርቃለህ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው የለመደው። የእኛ ቢጫ ጀሪካን ክዳኑ ጠፍቶ ነበር። እማዬ እገዛለሁ ስትል፣ ዓለሚቱ ከቡና እንጨት ውታፍ ጠረበችለት። የቡና እንጨት ታውቃላችሁ? ቢላ የሚያደነዝዝ እንጨት ነው። ጠርባ፣ አለስልሳ፣ ፌስታል ጠቅልላበት በመዳፏ ቀጥቅጣ ስትከተው አፉ ላይ የበቀለ መሰለ። «ጠብ አይልም» አለች፣ እንደ ጎረምሳ ደረቷን ነፍታ። እውነቷን ነው፣ ጠብ አይልም። ለመንቀልም በእጅ አይሞከርም። እሷ ራሷ ውሃ ልትገለብጥ ስትል በጥርሷ ነክሳ ነበር የምታወጣው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ወደ መጋዘን ስትወጣ ቢኒ ዋና ካልሄድኩ ብሎ አለቀሰ። ዓለሚቱ የሚታጠብ ልብስ ነበራት፣ ወንዝ መውረዷ አይቀርም። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች በሩ ላይ ቆመችና አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችው።

«ማሂ፣ ስሚኝ። ልጄን ላንቺ ነው የሰጠሁት። ለዓለሚቱ አይደለም፤ እሷ ሥራ አለባት። ዓይንሽን ከሱ እንዳታነሺ።»

«እሺ አልኩ እኮ!»

«እሺ አትበይኝ። እህቱ ነሽ።»

ዓይኔን አላነሣሁም። ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «ዞር ስል፣ ለአንድ አፍታ ዘንግቼ» ይላሉ። እኔ አልዘነጋሁም። እያየሁት ነው።

የምንዋኘው የሰፈራችን ቡና መፈልፈያ ፋብሪካ ለራሱ ብሎ በሠራት ትንሽ ግድብ ውስጥ ነው። ከመፈልፈያው በታች ያለው ውሃ በዚያ ወቅት አረፋ ይለብሳል፣ እንደ ኮመጠጠ ጠላ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል። ግድቡ ግን ከላይ ስለሆነ ንጹሕ ነው። ከግድቡ ጎን አንድ የሲሚንቶ ቦይ ወደ መፈልፈያው ይሄዳል፤ የቦዩ አፍ ላይ ቅጠልና እንጨት እንዳይገባ የብረት ፍርግርግ አለ። ሞተሩ ሲነሣ ቦዩ ውሃውን ይስባል። ስለዚህ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ልጅ ሁሉ እየተንጫጫ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ልጅ አማን ውስጥ የለም። እኔም አውቃለሁ።

ዓለሚቱ ከግድቡ በታች ካሉት ድንጋዮች ላይ ልብሱን ዘርግታ መውቃት ጀመረች። እኔ ቢኒን ጀሪካኑን አሳቅፌ «ምንም ቢሆን እንዳትለቅ፣ ሰማህ? ምንም ቢሆን!» አልኩት። ይህንን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ። እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ነው።

እዚያ የክፍሌ ልጆች ነበሩ፣ ትዕግሥትና ጓደኞቿ። ለነሱ ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር አውርቼላቸዋለሁ። አክስቴ ጋ ቴፒ ስሄድ ትልቁን ወንዝ ዋኝቼ አቋርጣለሁ ብያቸዋለሁ። እንኳን ወንዝ ላቋርጥ፣ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ሲነካኝ ወደ ዳር እመለሳለሁ።

«ማሂዬ፣ ግቢያ!» አለችኝ ትዕግሥት ከውሃው ውስጥ። «የቴፒዋ አዞ! ዛሬ እንይሽ!»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«አይ ጉንፋን! ቴፒ ላይ አይዝሽም?»

ቢኒ ከጀሪካኑ ላይ አንገቱን አስግጎ ጮኸ። ያ ድምፁ! ቀጭን፣ እንደ ፉጨት የሚሰማ። «ውሸቷን ነው! ማሂ ዋና አትችልም! ሳፋ ውስጥ እንኳን ትፈራለች! ዓለሚቱ ናት ዓሣ፣ ማሂ ድንጋይ ናት!»

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ትዕግሥት ስቃ ውሃ ትን አላት። ቢኒ ሰው እንዳሳቀ ሲያውቅ ባሰበት፤ ጀሪካኑን እንደ ከበሮ እየደለቀ «ድን-ጋይ! ድን-ጋይ!» ይል ጀመር። ልጆቹም ተቀበሉት። አንደኛዋ ልጅ እስክስታ ሁሉ መታችበት። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ነደደ። ምን ላድርገው? ልቆንጥጠው? ቁንጥጫ አነሰኝ። የፈለግሁት ያቺን አፍ ውሃ እንዲሞላት ነው። ውሃ ይጠጣ። ይጠጣና ዝም ይበል። ሰው ውሃ ምን ያህል ሲጠጣ ነው የሚሞተው? አስቤበታለሁ? አላሰብኩበትም። ማሰብ እችል ነበር? እችል ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት እኮ ለማሰብ አያንስም።

ፈገግ ብዬ ገባሁ። ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ለካ ንዴት ሲይዝህ መዋኘት ባትችልም ውሃ አትፈራም። እስከ ወገቤ ገባሁ። ቢኒ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «መጣሽ? ያዢኝ፣ ያዢኝ!» አለኝ። ስድቡን ረስቶታል፣ ልጅ አይደል? ልጫወት የመጣሁ መሰለው። ልጆቹ ደግሞ ልስመው የጎነበስኩ መሰላቸው። ጎንበስ አልኩና ውታፉን ነከስኩት።

አልነቀል አለኝ። እዚህ ጋ ማቆም እችል ነበር። ዓለሚቱ የጠረበችው እንጨት «ተይ» ያለኝ ያህል ነው። አልተውኩም። ጀሪካኑን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ እንደ ውሻ ጭንቅላቴን እየወዘወዝኩ እንደገና ነከስኩት። አፌ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። የፊት ጥርሴ ተሸረፈ። ደም ቀመስኩ። ደሙ ይበልጥ አናደደኝ፤ እሱ ራሱ የመታኝ ይመስል። ለሦስተኛ ጊዜ ስነክሰው ወጣ። ውታፉን ከደሙ ጋር ተፋሁት። ጀሪካኑ ጉልጉል እያለ መጠጣት ጀመረ። ቢኒ ወደ ጀሪካኑ አፍ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ «ማሂ፣ ገባበት እኮ» አለኝ።

በዚህ ላይ ገፋሁት። ይህችን ልዘላት ነበር። ብዕሬ እዚህ ደርሶ ቆመ፣ «ነቀልኩት» ብሎ መጨረስ ይበቃል አለኝ። አይበቃም። በእግሬ ጀሪካኑን ወደ ጥልቁ ገፋሁት። ገፋሁት። ከዚያ ወደ ዳር ወጣሁ።

ሞተሩ የተነሣው ያኔ ነው።

ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። ውሃው ቅርጹን ለወጠ፤ ዝም ብሎ የተኛው ነገር ድንገት አንድ አቅጣጫ ያዘ። ቢኒ ጀሪካኑን እንዳቀፈ ሰጠመ፣ ወጣ፣ ሰጠመ። ለምን አይለቀውም? ቢለቀው እኮ እጁን አንቦጫርቆ ዳር ይይዝ ይሆናል! አልለቀቀም። ምንም ቢሆን እንዳትለቅ ተብሏላ። እህቱ ናት ያለችው። ውሃ የሞላውን ጀሪካን እንደ እናት አንገት ጨብጦ፣ ቦዩ ሳበው፣ ፍርግርጉ ላይ አላተመው። ግንባሩ ብረቱን ሲመታ ድምፁ ይሰማል። ሰማሁት። ውሃው አነሣውና ደግሞ መታው። ደሙ እንደ ክር ተስቦ በፍርግርጉ መሐል ወደ መፈልፈያው ሄደ። እኔ ቆሜአለሁ። እግሬ እርጥብ ነው፣ ቆሜአለሁ። ትዕግሥት «ማሂ! ማሂ ግቢ! ዋና ትችያለሽ አይደል!» ብላኝ ከልጆቹ ጋር እየጮኸች ወደ ሰፈር ሮጠች። ቆሜአለሁ።

ዓለሚቱ ከነቀሚሷ ገባች። ከታች እንዴት እንደወጣች አላየሁም፤ ያየሁት ፍርግርጉን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ከቢኒ ጋር ስትታገል ነው። አልለቅም ብሏታላ፣ ጀሪካኑን! ጣቱን አንድ በአንድ ፈለቀቀችው። የፍርግርጉ ስለት መዳፏን ከፈተው። ጎትታ አወጣችው፣ በሆዱ ጉልበቷ ላይ ደፋችው፣ ጀርባውን በጥፊ ደበደበችው። በቋንቋዋ እየጮኸች ደበደበችው፣ እስኪያስመልሰው። ሲያለቅስ ስትሰማው እሷም ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ባጃጅ ልትጠራ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። እኔና ቢኒ ቀረን። ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑን ሞልቶታል። ምን አደረግሁ? አቀፍኩት? ይቅር በለኝ አልኩት? ጆሮውን ይዤ ወደ አፌ አስጠጋሁትና «ለእማዬ ብትናገር መልሼ እከትሃለሁ። ያኔ ዓለሚቱ አትኖርም» አልኩት። ስድስት ዓመቱ ነው። «እሺ» አለኝ።

ጤና ጣቢያ ግንባሩን ሲሰፉት እማዬ የቡና አቧራ እንደለበሰች ደረሰች። መጀመሪያ ወደ እሱ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ። «አፍሽ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«እሱን ሳወጣው ድንጋይ መታኝ።»

«ምን ተፈጥሮ ነው?»

«ውታፉ ወለቀ። ዓለሚቱ በደንብ አልወተፈችውም።»

ይኸው ነው። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር። በሕይወቴ እንደዚህ ጥሩ አድርጌ አቀናብሬ አላውቅም። እማዬ ሳመችኝ። የተሸረፈውን ጥርሴን በጣቷ ነካችና «የኔ ጀግና» አለችኝ።

እማዬ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ልጇ ሊሞት ነበር። ቤት ስንገባ ዓለሚቱን በጸጉሯ ይዛ ማድ ቤት አስገባቻት። በአባዬ ቀበቶ ገረፈቻት። ዓለሚቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ አልሮጠችም። በተሰነጠቀው መዳፏ ውስጥ ውታፉን ይዛው ነበር፤ ከውሃ ዳር ለቅማው።

«እትዬ፣ ይሄ በራሱ አይወጣም» አለች። «እኔ ራሴ በጥርስ ነው የማወጣው። እዩት፣ ጥርስ አለበት። የኔ ጥርስ እንዲህ አይደለም። እትዬ፣ እዩት።»

«ልጄን ገድለሽው ነበር፣ ስለ እንጨት ታወሪኛለሽ?»

እማዬ ውታፉን ነጥቃ ከሰሉ ላይ ወረወረችው። የቡና እንጨት ሲነድ ጭስ የለውም፤ ነበልባሉ ንጹሕ ነው። የጥርሴ ምልክት ዓይኔ እያየ ነደደ። እኔም ተመስገን አልኩ። በልቤ፣ እግዚአብሔርን ጠርቼ፣ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ እማዬ ዞር ሳትል «ማሂ፣ በርበሬ አምጪልኝ» አለችኝ።

ለዚህ ቅጣት ማንኪያ ይበቃል። እኔ በጭልፋ ዝቄ አመጣሁ። ለምን በጭልፋ? ብዙ ከተቀጣች ጥፋቱ የሷ ይሆናል ብዬ ነው? አሁንም አላውቅም። እማዬ ከሰሉ ላይ በተነችው፤ የዓለሚቱን አንገት ይዛ ጭሱ ላይ አጎነበሰቻት፣ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። «በሩን ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር የሚወጣው ሳል የሰው አይመስልም ነበር፤ ቆዳ ሲቀደድ እንደሚሰማ ነው። እግሯ መሬቱን ይቧጥጣል። እኔ በር ላይ ሆኜ እንኳን ጉሮሮዬ ነደደ፣ ዓይኔ ፈሰሰ። ከክፍል ውስጥ ደግሞ ቢኒ በሸኮኛ አንድ ቃል ደጋግሞ ይጮሃል። እስከ ዛሬ ትርጉሙን አላውቅም።

በማግስቱ ዓለሚቱ በሸኮ ሚኒባስ ተላከች። ልብሷ በፌስታል፣ ዓይኗ ተነፍቶ የተዘጋ። ዩኒፎርሙን እማዬ አስቀረችው። ልትወጣ ስትል ቢኒን በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችው፤ ቢኒ አልመለሰላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቋንቋ ተናግሮት አያውቅም። ፊቱን ለመታጠብ እንኳን ውሃው በእጅ ተደርጎ ካልሆነ አይቀርብም።

አላለቀም። ወሩ ሳይወጣ የዓለሚቱ አባት መጡ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር። ማር ይዘው። የጫካ ማር፣ ጥቁር፣ ንብ የሞተበት። በር ላይ ቆመው «ልጄ አጥፍታለች፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉን» አሉ። ተበዳይ ካሳ ይዞ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እማዬ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። እሳቸውም ፈራ ተባ እያሉ ልጅቷ ተመልሳ ትምህርቷን ትጨርስ እንደሆነ ጠየቁ። እማዬ መሬት መሬት እያየች «እንግዲህ አባባ፣ ይህ እንኳን ይቅርብን» አለች። ሲወጡ እኔን አዩኝ። «ወንድምሽን ያወጣሽው አንቺ ነሽ? ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ማሩን በዳቦ በላነው። ጣፈጠኝ። መራራ ሆነብኝ ብል ያምር ነበር፤ ግን ጣፈጠኝ። ጣቴን ላስኩ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ጥርሴን አባዬ ሚዛን ከተማ ሐኪም ጋ ወስዶ ሊያስሞላልኝ ነበር፣ እንቢ አልኩ። ለምን እንቢ አልሽ በሉኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሜዳሊያዬ ነዋ! ስስቅ ሆን ብዬ አሳያለሁ። እና ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል ሳውቅ መጀመሪያ ምን ጻፍኩ መሰላችሁ? «ወንድሜን ያተረፍኩበት ቀን።» መምህሩ የወላጆች ቀን ላይ አንብቢው አለኝ። አነበብኩ። ሞተሩን፣ ቦዩን፣ ፍርግርጉን፣ ሁሉን አመጣሁት። ዓለሚቱ የለችበትም፤ አንዲት «ግዴለሽ ሠራተኛ» ናት ያለችው። ፍርግርጉን የያዘው እጅ የኔ ነው። «ድንጋዩ ጥርሴን ሸረፈው፣ ወንድሜን ግን አልነጠቀኝም» ብዬ ስጨርስ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። ቢኒ አጠገቧ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳው። አላጨበጨበም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል።

ቤት ገብተን ጫማውን እየፈታ ጠራኝ።

«ማሂ።»

«አቤት።»

«ጥርስሽን ድንጋይ ነው የሸረፈው ያልሽው?»

«አዎ።»

ክሩን ፈታ፣ ሌላኛውን ፈታ። «እኔም እንደሱ ነው የምለው?» አለኝ።

የለየለት ቁጣ ቢሆን፣ ቢሰድበኝ፣ «ድንጋይ» ቢለኝ በወደድኩ! በቁም ነገር ነው የጠየቀኝ። አሁንም እየታዘዘኝ ነው። ለካ ያን ጀሪካን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ እኔ እንዳትለቅ ብዬዋለሁና።

«አይ» አልኩት። «ያየኸውን በል።»

«ትከቺኛለሽ?»

ወጥቼ ከጓሮ ቁጭ አልኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እማዬ ማንበብ ይከብዳታል፤ ዛሬ ጠዋት፣ ገና በጸሎት ላይ እያለች፣ ጠብቄ አስቀመጥኳትና ከላይ ያለውን በሙሉ አነበብኩላት። ቢኒ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «በጭልፋ» የምትለዋ ጋ ስደርስ እማዬ እጇን አነሣች። አቆምኩ። ለጥፊው ፊቴን ሰጠሁ። እጇ ግን ወደ ራሷ አፍ ሄደ። «ቀጥዪ» አለችኝ። ማሩ ጋ ስደርስ ተነሥታ ማድ ቤት ገባች። በርበሬውን ልታመጣ ነው ብዬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት፤ ብታመጣ አልሮጥም ነበር። ጫማዋን አድርጋ ተመለሰች፣ በክንዷ ላይ የሆነ የታጠፈ ልብስ። ዩኒፎርሙ ነው። ለካ አልጣለችውም።

«አንቺ ነቀልሽው» አለችኝ። ድምፅዋ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ነው። «ያጠንኳት እኔ ነኝ። ተነሺ፣ የሸኮ መኪና እንዳያመልጠን። ቢኒ፣ ጫማህን።»

ይህችን መጨረሻ የምጽፈው ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅን፣ ጉልበቴ ላይ ነው። ይቅርታችሁን አልለምናችሁም፤ እናንተ አልታጠናችሁም። ዓለሚቱ ይቅር ላትለኝ ትችላለች፣ በሩን ልትዘጋብን ትችላለች፤ ዩኒፎርሙም ከዚህ በኋላ አይበቃትም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ቢኒ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፣ ከእኔ ራቅ ብሎ፣ በከንፈሩ አንድ ነገር ያነበንባል። ጆሮዬን ሳስጠጋ በሸኮኛ ነው። የረሳውን ቃል እየፈለገ ነው። ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅሁትም።

የተሸረፈውን ጥርሴን በምላሴ ነካሁት። ዛሬም ስለት አለው።